ከደመወዝ እስከ ደመወዝ የሚዘልቅ ቤት፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚኖሩ አዲስ ተጋቢዎች የቁጠባ ኑሮ ዝርዝር መመሪያ

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በአራብሳ፣ በየካ አባዶና በመሳሰሉት የከተማዋ ዳርቻዎች ጎጆ የወጡ ወጣት ባልና ሚስቶች ደጋግመው የሚያነሡት ችግር ተመሳሳይ ነው፤ ሁለት ደመወዝ እየገባ ወሩ ገና ሳይጋመስ እጃቸው ባዶ ይሆናል። አብዛኞቹ አባካኞች አይደሉም። ሥጋ በየቀኑ አይበሉም፤ ልብስም በየወሩ አይገዙም። ገንዘቡ የሚያልቀው ቤቱ የሚያስፈልገውን ነገር ዘግይተው፣ በትንሽ በትንሹና በውድ ስለሚገዙ ነው፤ ዘይቱ በኩባያ፣ ሽሮው በሩብ ኪሎ፣ እንጀራው በነጠላ ከሱቅ ይመጣል። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚያተኩረው ከመብል መቀነስ ላይ ሳይሆን ግዢውን በጊዜውና በቅደም ተከተሉ ማድረግ ላይ ነው። ደረጃዎቹን እንደ ተጻፉት ተከተሉ፤ በተለይ ከሦስተኛው በፊት አራተኛውን አትጀምሩ።

ከመጀመራችሁ በፊት የምታዘጋጁት

አንድ ወፍራም ደብተርና እስክሪብቶ፣ አምስት ፖስታ፣ ክዳናቸው በደንብ የሚገጥም የዱቄትና የጥራጥሬ ዕቃዎች፣ ክዳን ያለው የውኃ በርሜል ወይም ቢያንስ አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ለእያንዳንዳችሁ የማያፈስ የምሳ ዕቃ። በስልክ ሒሳብ መያዝ የለመደ በስልክ ይያዝ፤ ነገር ግን ሁለታችሁም በማንኛውም ሰዓት ልታዩት የምትችሉት ነገር መሆን አለበት። አንዱ ብቻ የሚያውቀው ሒሳብ ከሁለት ወር አይዘልቅም።

ደረጃ 1፦ ገቢና ዕዳን በአንድ ገጽ ላይ አስፍሩ

አመቺ ቀን መርጣችሁ፣ ስልክ ዘግታችሁ ተቀመጡ። በገጹ ቀኝ የሁለታችሁን የተጣራ ደመወዝ፣ ማለትም ግብርና የጡረታ መዋጮ ተቆርጦ እጃችሁ የሚገባውን ብቻ ጻፉ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ አበልና ኮሚሽን ቋሚ ስላልሆኑ ከገቢው ውስጥ አታስገቡ፤ ሲመጡ የሚሄዱበት ቦታ በደረጃ 3 ተመልክቷል።

በገጹ ግራ ዕዳችሁን አንድ በአንድ ዘርዝሩ። ለሠርግ የተበደራችሁት፣ ለአልጋና ለቁም ሳጥን የቀረ ክፍያ፣ ከመጋባታችሁ በፊት አንዳችሁ የገባችሁበት እቁብ፣ የሱቅ ዱቤ ሁሉ ይጻፍ። እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ፤ የተደበቀ ዕዳ ወይም የተደበቀ የደመወዝ ጭማሪ ካለ የቀሩት ደረጃዎች በሙሉ ዋጋ የላቸውም። ዛሬ መናገር ያሳፍራል፤ ከስድስት ወር በኋላ በሌላ ሰው አፍ መሰማቱ ግን ትዳር ያናጋል።

ችግር ከገጠማችሁ፦ ውይይቱ ወደ ወቀሳ ከተለወጠ ደብተሩን ዝጉና በማግስቱ ቀጥሉ። «ማን አጠፋው» የሚለው ጥያቄ ከዚህ ገጽ ላይ አይነሣ፤ የሚነሣው «ስንት ነው፣ መቼ ያልቃል» የሚለው ብቻ ነው።

ደረጃ 2፦ ኪራይንና መጓጓዣን አንድ ላይ አስሉ

ከከተማ ዳር የሚከራዩ ሰዎች ትልቁ የስሌት ስሕተት ኪራዩን ብቻ ማየት ነው። ከሥራ ቦታችሁ ለመድረስ እያንዳንዳችሁ ሁለት ታክሲ የምትይዙ ከሆነ ሁለታችሁ በቀን ስምንት ጊዜ ትከፍላላችሁ። ያንን በወር ውስጥ ባሉት የሥራ ቀናት፣ ማለትም ቅዳሜንም የምትሠሩ ከሆነ በ26፣ ካልሆነ በ22 አባዙት፤ ከዚያም ኪራዩ ላይ ደምሩት። ሁለት ቤቶችን ስታወዳድሩ መወዳደር ያለበት ይህ ድምር ነው። ብዙ ጊዜ አስፋልት ዳር ያለና አንድ ታክሲ ብቻ የሚጠይቅ ውድ ቤት፣ ውስጥ ለውስጥ ባጃጅ ከሚያስፈልገው ርካሽ ቤት የተሻለ ሆኖ ይገኛል።

መጓጓዣውን ለመቀነስ በዚህ ቅደም ተከተል ሞክሩ። በመጀመሪያ መሥሪያ ቤታችሁ ሰርቪስ እንዳለው፣ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁም የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ በየትኛው መስመርና በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ አጣሩ። ቀጥሎ የአንበሳና የሸገር አውቶቡስ የመነሻ ሰዓትን እዩ፤ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መነሣት በወር የሚያስቀረውን ገንዘብ አስሉና ወስኑ። በአያት ወይም በቃሊቲ መስመር አቅራቢያ ከሆናችሁ ቀላል ባቡሩን እስከሚያደርሳችሁ ድረስ ተጠቀሙ።

ስለ ውሉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ ከሚያወጣው ልክ እንዳያልፍ ይደነግጋል። ስለዚህ የስድስት ወር ቅድሚያ ስትጠየቁ ከዘመድ ለመበደር ከመሮጣችሁ በፊት ወረዳው ጋ ሄዳችሁ ጠይቁ። ለገጣፎ፣ ቡራዩና ሰበታ በሸገር ከተማ ሥር ስለሆኑ አሠራሩን ከዚያው የከተማ አስተዳደር አጣሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ቆጣሪው የጋራ ከሆነ የመብራቱና የውኃው ክፍያ በምን እንደሚከፋፈል፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ መጠቀም እንደሚፈቀድላችሁም ጭምር በውሉ ላይ ይጻፍ። ይህ ሳይጻፍ ገብተው ምጣዳቸው አልጋ ሥር የተቀመጠባቸው ቤተሰቦች በየሰፈሩ አሉ።

ደረጃ 3፦ የደመወዝ ቀንን ቅደም ተከተል አክብሩ

ደመወዝ በገባ በሁለት ቀን ውስጥ፣ ሌላ ምንም ሳይገዛ፣ የሚከተለውን በቅደም ተከተል ፈጽሙ።

1. ኪራዩን በባንክ ክፈሉ፤ ደረሰኙን አስቀምጡ።
2. የወሩን መጓጓዣ ለይታችሁ አስቀምጡ።
3. የእቁቡን ወይም የቁጠባውን ገንዘብ አስገቡ።
4. የደረቅ አስቤዛውን ግዙ።
5. የአትክልቱን ገንዘብ በአራት ፖስታ እኩል ከፍላችሁ በየፖስታው ላይ ሳምንቱን ጻፉ። አምስተኛው ፖስታ የመጠባበቂያ ነው።
6. ለሁለታችሁም እኩል የሆነ የኪስ ገንዘብ ውሰዱ። በዚህ ገንዘብ ላይ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ትንሽ ይሁን እንጂ አይቅር፤ የማኪያቶ ገንዘብ ለማግኘት መዋሸት የሚጀመረው ይህ ሲቀር ነው።

ለአሠራር ማሳያ ያህል፣ የሁለታችሁ የተጣራ ገቢ 24,000 ብር ቢሆን፣ ኪራይ 8,000፣ መጓጓዣ 3,500፣ አስቤዛ 6,000፣ መብራት፣ ውኃና ከሰል 1,000፣ እቁብ 2,500፣ ለቤተሰብ 1,000፣ የዓመት ስንቅ 1,500፣ የኪስና መጠባበቂያ 500 ተብሎ ሊደለደል ይችላል። እነዚህ የገበያ ዋጋዎች አይደሉም፤ የእናንተን ቁጥር በየቦታው ተኩበት። ልብ እንድትሉ የምፈልገው «የዓመት ስንቅ» የሚለውን መስመር ነው። ጤፍ፣ በርበሬና የበዓል ወጪ የሚገዙት ከእርሱ ነው፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያም ሆነ ድንገት የመጣ ገንዘብ ወደዚያው ይገባል። ይህ መስመር የሌለው ቤት ሁልጊዜ በኪሎ ይገዛል።

የአንዱ ሳምንት ፖስታ ከቀኑ በፊት ካለቀ፦ የሚቀጥለውን ሳምንት ፖስታ አትክፈቱ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ በቤት ባለው ሽሮ፣ ምስርና ድርቆሽ አሳልፉ። ለሁለት ተከታታይ ወራት ካለቀ ግን ምደባው አንሷልና ከሌላ መስመር ቀንሳችሁ ጨምሩበት፤ በማይቻል ቁጥር ራሳችሁን አታስጨንቁ።

ደረጃ 4፦ አስቤዛ

ጤፍ

ከሁሉ አስቀድማችሁ ምን ያህል እንደምትበሉ እወቁ። 25 ኪሎ አስፈጭታችሁ ዱቄቱ የተከፈተበትን ቀን በዕቃው ላይ ጻፉ፤ ያለቀበትንም ቀን እንዲሁ። ለአንድ ወር ከበቃችሁ አንድ ኩንታል ለአራት ወር ነው። ይህን ሳያውቁ ኩንታል መግዛትም ሆነ በኪሎ መቀጠል ግምት ብቻ ነው።

ጤፍ የሚሰበሰበው በኅዳርና በታኅሣሥ ስለሆነ ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ገበያው ይሞላል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ይወደዳል። ስለዚህ የዓመት ስንቃችሁን ወይም የእቁብ ዕጣችሁን ለዚያ ወቅት አድርሱት። የአንድ ኩንታል ገንዘብ በአንድ ጊዜ ካልሞላላችሁ ከምታምኑት ጎረቤት ጋር ገዝታችሁ እኩል ተካፈሉ። ማኛ ካልሆነ አንበላም አትበሉ፤ ሰርገኛ ጤፍ ዋጋው ዝቅ ይላል፣ እንጀራው ደግሞ በጣዕምም በጥቅምም አይታማም።

ስትገዙ እንዲህ አድርጉ። ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን ብቻ አትዩ፤ ክንዳችሁን እስከ ክርን አስገብታችሁ ከታች አንድ እፍኝ አውጡ። በመዳፋችሁ ላይ አሹትና እፍ በሉት፤ ገለባና አፈር ከበዛበት ይታያችኋል። ጥቂቱን በፊት ጥርሳችሁ አኝኩት፤ ከኮሸኮሸ አሸዋ አለበት። እጃችሁ ስታወጡት ከቀዘቀዘና ፍሬው እርስ በርሱ ከተያያዘ እርጥበት አለው፣ ስለዚህ ይቅርባችሁ። ጤፉ ሲመዘን አጠገቡ ቁሙ።

የተፈጨ ዱቄት አትግዙ፤ ምን እንደተቀላቀለበት ማወቅ አይቻልምና። የጤፍ ፍሬ ነቀዝ እምብዛም ስለማይደፍረው ደረቅ ቦታ ላይ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ላይ እስከተቀመጠ ድረስ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ዱቄቱ ግን እንዲህ አይደለም። ለዚህ ነው በኩንታል ገዝቶ በ25 ኪሎ ማስፈጨት የሚሻለው።

ወፍጮ ቤት

ጤፉ ተበጥሮና ተነፍቶ ይሂድ። ከመፈጨቱ በፊትም በኋላም ይመዘን። ከእናንተ በፊት የገባው በቆሎ ወይም ባቄላ ከሆነ ሌላ ጤፍ የሚያስፈጭ ሰው ከፊታችሁ እስኪያልፍ ጠብቁ፤ በወፍጮው ውስጥ የቀረው ወደ እናንተ ዱቄት ይገባልና። ዱቄቱ ከወፍጮ ትኩስ ሆኖ ነው የሚወጣው። በዚያው ትኩሳቱ ታፍኖ ከታሰረ ያልበዋል፣ ይጓጉላል፣ ሽታውም ይለወጣል፤ ስለዚህ ቤት እንደደረሳችሁ አፉን ክፈቱት፣ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ክደኑት።

ሽሮና በርበሬ

አተርና ሽምብራ ከጤፍ በተቃራኒ ነቀዝ የሚወዳቸው ናቸው። ገዝታችሁ አታከማቹ፤ ወዲያው ታጥበው፣ ደርቀው፣ ተቆልተው፣ ተከክተውና ቅመሙ ገብቶባቸው ይፈጩ። ለሁለት ሰው ከአምስት እስከ ስምንት ኪሎ ሽሮ ለረጅም ጊዜ ይበቃል። ሙያው ካልተለማመዳችሁ እናት ወይም አክስት የምትመጣበትን ቅዳሜ ለዚህ አውሉት፤ ሽሮ ማሰናዳት ከማንበብ ይልቅ በማየት የሚለመድ ሥራ ነው።

በርበሬን በዛላው ግዙ። ዛላው ደማቅ ቀለም ያለው፣ ሲሰበር ውስጡ ያልጠቆረና ያልሻገተ መሆኑን ከየጆንያው ጥቂት ሰብራችሁ እዩ። የሻገተውን ለይታችሁ ጣሉት፤ ማጠብም ሆነ ማድረቅ መርዙን አያጠፋውም። ከተፈጨ በኋላ ዱቄቱን በንጹሕ ሸራ ላይ አቀዝቅዛችሁ፣ ፀሐይ አሙቃችሁ፣ ከዚያ ዕቃ ውስጥ አስገቡት።

ሽንኩርት፣ ዘይትና አትክልት

ሽንኩርትና ቲማቲም ከጉሊት በየቀኑ ከመግዛት በሳምንት አንድ ጊዜ ከእሁድ ገበያ ይገዛ። ከወረዳው የሸማቾች ማኅበር ሱቅ ዘይት፣ ስኳርና ዱቄት የሚመጣበትን ቀን ከባለሱቆቹ ጠይቃችሁ መዝግቡ። ዘይት በባለ 5 ሊትር ግዙ፤ ወደ ትንሽ ጠርሙስ እየቀነሳችሁ በማንኪያ ለኩ፤ ከጀሪካኑ ቀጥታ ወደ ድስቱ ሲፈስ የወሩ በሃያኛው ቀን ያልቃል። የክረምት ሽንኩርት ውድና ውኃ የበዛበት ስለሚሆን፣ በዚያ ወራት ሽንኩርት የሚበዛበትን ወጥ አሳንሱና አልጫውን፣ ጎመኑንና ድንቹን አብዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ ርካሽ ገበያ ፍለጋ ከአራብሳ ተነሥታችሁ እስከ ኃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ አትሂዱ፤ ከብዙ ጎረቤት ጋር ሆናችሁ በጆንያ የምትገዙ ካልሆነ በቀር የታክሲውና የተሸካሚው ወጪ ትርፉን ይበላዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው።

ዱቤ በተመለከተ፦ ከሱቅ በዱቤ የምትወስዱ ከሆነ የራሳችሁን መዝገብ ያዙ፤ የባለሱቁን ደብተር ብቻ አትመኑ። የተሻለው ግን ዱቤውን ከፍላችሁ መዝጋት ነው። በዱቤ የሚገዛ ሰው ዋጋ አይጠይቅም፣ አይመርጥምም።

ደረጃ 5፦ መብራት፣ ከሰልና ውኃ

የቤታችሁን የመብራት ወጪ የሚወስነው አምፖሉ ሳይሆን ምጣዱ ነው። የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ ኃይል 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ስለሆነ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሠራ ከአምስት ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ በላይ ይበላል። ታሪፉ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ እያለ እንዲሄድ ሆኖ የተሠራ ነው። ስለዚህ የአጋገሩ ሥርዓት እንዲህ ይሁን።

1. ሊጡን አቡክታችሁ በእርሾው ሁለት ወይም ሦስት ቀን አቆዩት። በመጋገሪያው ቀን የላዩን ውኃ አፍስሱ፣ አብሲቱን ጣሉ።
2. ሊጡ ኩፍ ሳይል ምጣዱን አትሰኩ። ብዙ ኃይል የሚባክነው ምጣዱ ግሎ ሊጡ በሚጠበቅበት ጊዜ ነው።
3. ሰፌዱ፣ ማሰሻው፣ አክንባሎውና የሊጥ መቅጃው ሁሉ እጃችሁ አጠገብ ይሁኑ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንጀራ ያለ ዕረፍት ጋግሩ።
4. የመጨረሻው እንጀራ ሲሰፋ ማብሪያውን አጥፉት፤ በሸክላው ውስጥ ያለው ሙቀት ያበስለዋል።
5. እንጀራው ሳይቀዘቅዝ አትደራርቡት፤ ላቡ ሻጋታ ያመጣል።

ለሁለት ሰው የሚበቃ እንጀራ ትንሽ ስለሆነና ከአራት ቀን በላይ ሲቆይ ስለሚሻግት፣ በየጊዜው ለአሥርና ለአሥራ ሁለት እንጀራ ምጣድ ማጋል ግድ ይሆንባችኋል። መፍትሔው ከጎረቤት ጋር በአንድ ምጣድ ተከታትሎ መጋገር ነው፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው በጋለው ላይ ይቀጥላል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ በሌላው ቤት ይሆናል። ሦስት ቀን ያለፈውን እንጀራ ቆራርሳችሁ በፀሐይ አድርቁት፤ ድርቆሽ ለቁርስ ፍርፍር ይሆናል፣ ወሩ ሲጠብም ያድናል።

መብራት መኻል ላይ ከጠፋ፦ ሊጡን ክደኑና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት። በማግስቱ ከመጠን በላይ ከጎመዘዘ የላዩን ውኃ አፍስሳችሁ ጥቂት ዱቄት ጨምሩበት፣ እንደ አዲስ አብሲት ጣሉበት። ለዚያ ምሽት ብቻ የሚበቃ እንጀራ ግዙ። ኃይሉ ደክሞ አምፖሉ የሚደበዝዝ ከሆነ አትጋግሩ፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ጊዜውም እጥፍ ይሆናል። በዳርቻ ሰፈሮች ማምሻው ላይ ኃይል ስለሚደክም ሌሊት ወደ ንጋት ወይም ቀትር ላይ መጋገር ይሻላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ምጣድን በማከፋፈያ ገመድ አትሰኩ፤ ገመዱ ይግላል፣ ቤት ያቃጥላል። ሶኬቱ ከጠቆረ ወይም የፕላስቲክ ሽታ ካለው ወዲያው ነቅላችሁ ባለሙያ ጥሩ።

ከሰል ለቡናና ረጅም ጊዜ ወስዶ ለሚበስል ወጥ ብቻ ይዋል። በማዳበሪያ ገዝታችሁ ዝናብ በማይደርስበት ቦታ አኑሩት፤ ላቀች የሚባለው ምድጃ ከተራው የብረት ምድጃ ያነሰ ከሰል ይፈጃል። ባቄላ፣ አተርና ሽምብራን ከማታ ጀምራችሁ ዘፍዝፉ፤ የማብሰያው ጊዜ በጣም ያጥራል። ብርድ ነው ተብሎ የተቀጣጠለ ከሰል በር ተዘግቶ በሚታደርበት ክፍል ውስጥ በፍጹም አይግባ። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ቀይ ቢሆንም እንኳ የማይታይና የማይሸት ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ በየዓመቱ በክረምት ሰዎች ተኝተው የሚቀሩት በዚህ ነው።

ውኃ በፈረቃ የሚመጣበትን ቀን ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ቦቴ ወይም ጋሪ የሚያመጣው ውኃ ውድ ስለሆነ በፈረቃው ሌሊት ከሁለት አንዳችሁ ተነሥታችሁ ዕቃውን ሁሉ ሙሉ። የልብስ እጥበቱን የመጨረሻ ውኃ ለመጸዳጃና ለወለል አውሉት። በርሜሉን በየጊዜው አጥባችሁ አድርቁ።

ደረጃ 6፦ እቁብ፣ እድርና ድንገተኛ ወጪ

ወደ ሰፈሩ በገባችሁ በመጀመሪያዎቹ ወራት እድር ግቡ። መግቢያው ከበዛባችሁ በየወሩ ከፋፍላችሁ ለመክፈል ጠይቁ፤ ብዙ እድሮች ይፈቅዳሉ። ለአዲስ ተጋቢዎች እድር የሩቅ ነገር ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ቤተ ዘመድ ርቆ በሚኖርበት ሰፈር ድንኳንና ወንበር ብቻ ሳይሆን ሰውም የሚገኘው ከእድር ነው።

እቁብ ስትገቡ የዕጣው ገንዘብ ለምን እንደሚውል አስቀድማችሁ ጻፉ፤ ጤፍ፣ ማቀዝቀዣ ወይም ዕዳ መክፈያ ሊሆን ይችላል። ዓላማው ያልተጻፈ ዕጣ በወጣ በሳምንቱ ይበተናል። ሰብሳቢው ማን እንደሆነ፣ ቀድሞ የሚወስድ ሰው ዋስ እንደሚያቀርብ፣ መጣያው ቀን ከደመወዛችሁ በኋላ መሆኑን አረጋግጡ። በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ እቁብ አትግቡ።

ከእቁቡ ውጭ የአንድ ወር ኪራይ የሚያህል ገንዘብ በባንክ እስኪሞላ ድረስ በትንሹ አጠራቅሙ። የባንክ ቁጠባ ወለድ ዝቅተኛ መጠን በ2010 ዓ.ም. 7 በመቶ ሆኖ ተወስኖ ነበር፤ ከዋጋ ንረቱ ጋር ሲተያይ ገንዘብ የሚያሳድግ አይደለም። የዚህ ገንዘብ ጥቅም ማደጉ ሳይሆን ስትታመሙ መገኘቱ ነው። ከሁለት አንዳችሁ ቋሚ ቅጥር የሌላችሁና በግል ሥራ የምትተዳደሩ ከሆነ በወረዳው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ምዝገባ ሲከፈት አያምልጣችሁ።

በስልክ የሚገኘውን ፈጣን ብድር ለአስቤዛ አትውሰዱ። በሚቀጥለው ደመወዝ ላይ ተቆራጭ ሆኖ ስለሚመጣ ቀጣዩን ወር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያጎድለዋል።

ደረጃ 7፦ ቤተሰብና በዓል

ለወላጅ መላክ፣ ታናሽ እኅትን በትምህርት ቤት ክፍያ መርዳት፣ ለዘመድ ሠርግ ማዋጣት ከኑሯችን የማይቀር ነገር ነው፤ መቅረትም የለበትም። ነገር ግን መጠኑ በወር ይወሰንና ለሁለቱም ወገን በእኩል ዓይን ይታይ። ገንዘቡ አልቆ ጥያቄ ከመጣ፣ የባልን ቤተሰብ ባል፣ የሚስትን ቤተሰብ ሚስት ያነጋግር። ምራት «የለንም» ስትል የምትከፋው አማት፣ ልጁ ራሱ «እማዬ፣ በዚህ ወር አልሞላልኝም፣ በሚቀጥለው እልካለሁ» ቢላት ትረዳዋለች።

ለበዓል ሥጋ በኪሎ ከመግዛት በሰፈር ቅርጫ ግቡ፤ ገንዘቡን ከሁለት ወር በፊት ጀምሮ የሚሰበስብ ቅርጫ ካለ የተሻለ ነው። ሽንኩርቱንና ቅቤውን በዋዜማው አትግዙ። ዶሮ ለሁለት ሰው አንድ ሙሉ ከሆነ ይበዛል፤ ከወላጆች ጋር የምትውሉ ከሆነ ደግሞ እናንተ ዶሮውን፣ እነርሱ ሌላውን እንዲያዘጋጁ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ደረጃ 8፦ ነሐሴና ጳጉሜን

ዓመቱን ሙሉ ተጠንቅቀው የቆዩ ቤቶች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው በዓመት የሚከፈለው አሥራ ሁለት ጊዜ ነው፤ የነሐሴ 30 ደመወዝ እስከ መስከረም 30 ድረስ 35 ቀን፣ እንደ 2019 ዓ.ም. ባለው ጳጉሜን ስድስት በሚሆንበት ዓመት ደግሞ 36 ቀን ሊያዘልቅ ይገባል። በእነዚህ ቀናት ውስጥ እንቁጣጣሽም መስቀልም ይውላሉ። ሽንኩርቱም በውድ ዋጋው ላይ ነው፣ የቆየው ጤፍም ያልቃል።

ስለዚህ ከሰኔ ጀምሮ በየወሩ የአንድ ሳምንት አትክልት ገንዘብ ሲሶ የሚያህል ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ሐምሌና ነሐሴ ሲጨመሩበት የጳጉሜን ሳምንት ይሸፈናል። በነሐሴ አራት ሳይሆን አምስት የሳምንት ፖስታ አዘጋጁ። ከዓመት ስንቁ ውስጥ ሐምሌ ላይ ጤፍና በርበሬ ለሁለት ወር እንዳለ አረጋግጡ። በዚያ ወር አዲስ እቁብ አትጀምሩ።

ወሩ ከተበላሸ

ከሁለት አንዳችሁ ሥራ ብታጡ፣ ብትታመሙ ወይም ደመወዝ ቢዘገይ፣ የምትቀንሱት በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን። መጀመሪያ የኪስ ገንዘብና ሥጋ፤ ቀጥሎ ለቤተሰብ የሚላከው፤ ከዚያ የዓመት ስንቁ። እቁብ ከመቋረጡ በፊት ሰብሳቢውን አነጋግሩ፤ ዕጣችሁ ገና ካልወጣ ቀደም ብሎ እንዲሰጣችሁ ወይም ሌላ ሰው ዕጣችሁን እንዲገዛ መጠየቅ ይቻላል። ኪራይ ለመዘግየት ከሆነ ቀኑ ከማለፉ በፊት አከራዩን ራሳችሁ ሄዳችሁ አነጋግሩ፣ የምትከፍሉበትንም ቀን ቁረጡ። መድኃኒት፣ የነፍሰ ጡር ምግብና የሕክምና ክትትል አይቀነስም።

ችግሩ ካለፈ በኋላ መልሳችሁ የምትሞሉት ከኋላ ወደ ፊት ነው፤ በመጀመሪያ የዓመት ስንቁ፣ ከዚያ ለቤተሰብ የሚላከው፣ በመጨረሻ የኪሱ። በዚያ ሰሞን እሁድ ማታ ደብተሩን ከፍታችሁ ሁለታችሁም በራሳችሁ እጅ አዲሱን ድልድል ጻፉ፣ ቀኑንም መዝግቡበት።